ተራራ የወጣ ሰንደቅ ዓላማ በዚያው ቀን ይውረድ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፣
በየሳምንቱ መጨረሻ ተራራ ለምትወጡ ወጣቶችና ለምትመሯቸው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በተራራ ጉዞ ስለሚያዝ ሰንደቅ ዓላማ የአንድ ገጽ መመሪያ እንዲዘጋጅልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥቅምት እየመጣ ነው። ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ተራራ ወዳጅ ሁሉ ክረምቱን የከረመ ጫማውን ከአልጋ ሥር ያወጣል። የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ደግሞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ስለዚህ በዚህ ወር በየቦርሳው ባንዲራ ተጠቅልሎ ወደ ከፍታ ይወጣል። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ በፊት አንድ ገጽ መመሪያ እንድታወጡልን ነው፤ ማንም አንብቦ በሚረዳው አማርኛ የተጻፈ፣ አስጎብኚው ለተጓዡ፣ መምህሩ ለተማሪው ሊያነብበት የሚችል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አንዲት ነገር ይያዝ፤ ተራራ ላይ የወጣ ሰንደቅ ዓላማ ይዞት ከወጣው ሰው ጋር በዚያው ቀን ይወርዳል።

የክልላችን ሁኔታ ጉዞውን እንዳሳሳው፣ ራቅ ያሉት ተራሮች ለብዙዎቻችን የማይደረስባቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። «በዚህ ጊዜ ይህ ነው የሚያሳስብህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ሰው በተገኘችው ሰላማዊ ቅዳሜ ቤዛዊት ኮረብታም ቢሆን ይወጣል፤ ሲወጣም ባንዲራ ይይዛል። መንገዱ ሁሉ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሥርዓት ማበጀትን ብናቆየው፣ በተከፈተ ማግስት የሚሆነውን ካሁኑ መገመት ይቻላል።

በመምህርነት ዘመኔ የጠዋቱን ሰልፍ ከሚመሩት አንዱ ነበርኩ። ያንን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ተማሪዎች ቀድመው ይመደባሉ። አንዱ የታጠፈውን ባንዲራ በሁለት ክንዱ አቅፎ ይመጣል፣ ሌላው ገመዱን ይፈታል። መዘውሩ ዘይት ካጣ ሰነባብቷልና ይንጫጫል። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ባንዲራው ጫፍ እንዲደርስ ገመድ ጎታቹ በጆሮው እየሰማ በእጁ ይለካል። ማታ ሲወርድ ደግሞ የታችኛው ጫፍ መሬት እንዳይነካ አንዱ ክንዱን ዘርግቶ ይቀበላል። በግቢያችን ባንዲራ መሬት ቢነካ ተቆጪው መምህር ብቻ አልነበረም፤ ሰልፉ በሙሉ ነበር የሚንጫጫው።

እንግዲህ ያው በዚህ ሥርዓት ያደገ ልጅ ተራራ ላይ ሲወጣ ምን ያደርጋል? ባንዲራውን ወገቡ ላይ ያስረዋል፣ ላቡን ይጠርግበታል፣ ዳቦና ቆሎ ሊበላ ሲቀመጥ ከሥሩ ያነጥፈዋል። በስክሪብቶና በማርከር የቡድኑን ስም ይጽፍበታል። ንቀት ነው እንዳልል ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ባንዲራውን ዘርግቶ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። የጎደለው ሌላ ነው። ግቢ ውስጥ ምሰሶው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ተራራ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ፍቅር ብቻውን ጨርቁን የት እንደሚያስቀምጠው አይነግረውም። መመሪያ የምጠይቀውም ለዚህ ነው፤ ልጆቹን የሚቆጣ ሳይሆን ያንን የግቢ ሥርዓት ወደ ተራራ የሚያሻግር።

ባንዲራ ወደ ተራራ አይውጣ እያልኩ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ይውጣ። የነጻነት ቀንን በተራራ ጫፍ ማብሰር በጎረቤቶቻችን ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ታንጋኒካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1961 ነጻ ስትወጣ መቶ አለቃ አሌክሳንደር ኒሬንዳ የአዲሲቱን አገር ባንዲራና ችቦ ይዞ ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኬንያ ነጻ ስትወጣ ኪሶይ ሙንያኦ የኬንያን ባንዲራ በኬንያ ተራራ ላይ አውለበለበ። ከእነርሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1953 ቴንዚንግ ኖርጌይ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ በእጁ የያዘው የበረዶ መጥረቢያውን ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት፣ የብሪታንያ፣ የኔፓልና የሕንድ ባንዲራዎች በመጥረቢያው ላይ ታስረው ነበር። ይህችን የመጥረቢያ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ሰውየው ምሰሶ ተሸክሞ አልወጣም፤ በእጁ የነበረውን መሣሪያ ምሰሶ አደረገው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ከወደ አሜሪካ የሚመጣው ምሳሌ ነው። በኒው ሃምፕሸር ግዛት ከ4,000 ጫማ በላይ የሆኑ 48 ተራሮች አሉ። ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ ጥቂት ተጓዦች በዚያው ሳምንት አንዱ ተራራ ላይ ባንዲራ ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመስከረም ወር በ48ቱም ጫፎች ላይ በአንድ ቀን ባንዲራ ይውለበለባል። የሚውለበለበው ከቀትር ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ምሰሶውን በቁርጥራጭ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እዚያ ይገጣጥሙታል፣ በገመድ ይወጥሩታል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ፈተው ተሸክመውት ይወርዳሉ። በማግሥቱ ለሚመጣ መንገደኛ ተራራው እንደ ወትሮው ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ከ48ቱ ተራሮች ከዋሽንግተን ተራራ በቀር ሁሉም ከጣና ሐይቅ የውሃ ወለል በታች ናቸው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው የተኛው። የባሕር ዳር ልጅ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ከእነርሱ ተራራ በላይ ነው። ይህን ለኩራት ብዬ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው የማነሣው፤ የእኛዎቹ ተራሮች ከዚህ ላይ ገና ሁለት ሺህ ሜትር ስለሚጨምሩ ነፋሱም ፀሐዩም ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።)

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ተሰቅሎ የተረሳ ባንዲራ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ያየሁት በአንድ የጅብራ ግንድ ላይ በናይሎን ገመድ ታስሮ ነበር። ነጻ የሆነው ጫፍ ተተርትሮ ክሩ እንደ ጭራ ይወናጨፋል። ቀዩ ወደ ሐምራዊነት ደብዝዟል፣ ቢጫው ነጥቷል፣ ዓርማው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ አይለይም። ከሩቅ ያየው እረኛ የሬሳ ሳጥን ጨርቅ መስሎት እንደፈራ ነገረን። ገመዱ ደግሞ ግንዱን ቆርጦ ገብቷል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ የሚሞት ተክል ነው። ለዚያች አንዲት አበባ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ላይ ባንዲራ ያሰረው ሰው ክብር የሰጠ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያየሁት ሁለት የተጎሳቆሉ ነገሮችን ነው።

ነገሩ ጉና ላይም አያበቃም። በገበያ የምናገኘው ባንዲራ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ማለት የተፈተለ ፕላስቲክ ነው። አይበሰብስም፣ ይበጣጠሳል እንጂ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው የሚገቡት ጣና ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቦልናል፤ እምቦጩ ሳያንሰው ከተራራ የሚወርድ የባንዲራ ክር ልንጨምርለት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ግን አሳቤን ያስቀየረኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ከወጣቶች ጋር ሆነን ጉና ላይ በወል ግጦሽ በኩል ስናልፍ፣ ከኛ ቀድሞ የሄደ ሌላ ቡድን የተከለው እንጨት ቆሞ አገኘን፤ ከላዩ ባንዲራ አለ። አንድ ደበሎ የለበሱ አዛውንት በጎቻቸውን ትተው ወደ እኛ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ በጎቹም ስለ ዝናቡም ተጠያየቅን። ከዚያ ወደ እንጨቱ በዱላቸው አመለከቱና «ልጆቼ፣ ይህ ችካል የምንድን ነው? መሬቱ ለማን ተሰጠ?» አሉ።

ከመካከላችን አንዱ ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ችካል አይደለም፤ ባንዲራ ነው እኮ» አላቸው።

«ባንዲራውንማ አውቀዋለሁ» አሉት። «እኔ የጠየቅሁህ ስለ እንጨቱ ነው።»

ማንም አልመለሰላቸውም። በእኛ አገር ገጠር ከከተማ የመጣ ሰው በግጦሽ መሬት ላይ እንጨት ከተከለ፣ ገበሬው የሚያስታውሰው ለካሣ፣ ለኢንቨስትመንት፣ ለመንገድ ተብሎ የተቸከለውን ነው። ባንዲራ ሲጨመርበት ጉዳዩ የመንግሥት ይመስላል፤ ሥጋቱም በዚያው ልክ ይከብዳል። እኛ ፎቶ ተነሥተን ስንወርድ እርሳቸው በዚያ እንጨት ምክንያት ቀበሌ ሄደው ሲጠይቁ ሊውሉ ነው። ሰንደቅ ዓላማው የእርሳቸውም ነው፤ ተራራው ደግሞ ከእኛ ይልቅ የእርሳቸው ነው። ስለዚህ መመሪያችሁ «መሬት ላይ ምሰሶ አይተከልም» ብሎ በአጭሩ ይቁረጠው። እርሳቸውን የመሰለ ሰው በአካባቢው ከታየም ሰላምታ ሰጥቶ «ለጥቂት ደቂቃ አውለብልበን ይዘነው እንወርዳለን» ማለት ከሰንደቅ ዓላማ ክብር የሚቆጠር ነው።

ታዲያ ካልተተከለ በምን ይያዝ? በዱላ። ወደ መጥረቢያው ተመለስኩ ማለት ነው። ጎጃምም ሆነ ጋይንት ሰው ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም። ቀጥ ያለ የወይራ ዱላ ዳገቱን ያስወጣል፣ ውሻ ይመልሳል፣ ጫፍ ላይ ሲደረስ ደግሞ ምሰሶ ይሆናል። ሰው በእጁ ስለሚይዘው መሬት አይቆፈርም፣ ዛፍ አይታሰርም፣ ትቶት ለመሄድም አይመችም፤ ዱላውን ረስቶ የሚወርድ ሰው የለምና። የከተማ ልጆች የብረት ምሰሶ ሲያስቡ እሰማለሁ። በጣና ዙሪያ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነጎድጓድ የሚያውቅ ሰው በገላጣ ጫፍ ላይ የብረት ዘንግ ይዞ አይቆምም። ደመናው ከጠቆረ ባንዲራው ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ሰውም ከጫፉ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ፎቶው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ስለ ጨርቁም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዎቻችን ሊረዱን ይችላሉ። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚመቸው ወርዱ 60 ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይመስለኛል። ከዚያ የሰፋው በጉና ነፋስ የያዘውን ሰው ያንገዳግዳል፣ ከዚያ ያነሰው በፎቶ ላይ መሐረብ ይመስላል። ቀድሞ የሚተረተረው በነጻ የሚወዛወዘው ጫፍ ስለሆነ እዚያ ላይ እጥፉ በሁለት ረድፍ ይሰፋ። በዱላው በኩል ያለው ጎን ላይ ሦስት የጨርቅ ማሰሪያ ከተሰፋበት ሽቦም፣ ፕላስተርም፣ ምስማርም አያስፈልግም። ያተመው ማሽን ዓርማውን በአንድ ወገን ብቻ ያሳየበትን ጨርቅ ሻጩ ቢያቀርብላችሁ ተዉት፤ ነፋሱ ሲያዞረው ጀርባው ባዶ ሆኖ ይታያል።

አያያዙ ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። በመውጣት ላይ ታጥፎ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ በቦርሳው ላይኛው ክፍል ይቀመጣል፤ ከጫማና ከምግብ ሥር አይገባም። መንገዱ ገደላማ ከሆነ፣ እጅ ድንጋይ የሚይዝበት ቦታ ከሆነ ባንዲራ በእጅ አይያዝም፤ የወደቀ ሰው ባንዲራውንም ይዞ ነው የሚወድቀው። ጫፍ ላይ ሲደረስ ሁለት ሰው ይዘርጋው፤ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አረንጓዴው ከላይ መሆኑን ይይ። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በነፋስ መካከል ሁለት ሰው ተጣድፎ ሲዘረጋው ቀዩ ከላይ የሆነባቸውን ፎቶዎች ሁላችንም አይተናል። ዝናብ የመታው ባንዲራ ቤት እንደተገባ በጥላ ሥር ይሰጣል እንጂ እርጥቡን ታጥፎ አይከርምም፤ ይሻግታል። የማኅበር ወይም የድርጅት አርማ አብሮ ከተያዘ ደግሞ ከሰንደቅ ዓላማው ከፍ ብሎ አይቆምም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣልና ልለፈው አልችልም። ልሙጡ ነው ባለ ዓርማው? ይህ ክርክር በየቡና ቤቱ አለ፣ በየቤተሰቡ አለ፣ ተራራ ላይም ተከትሎን ይወጣል። እኔ በዚህ ደብዳቤ የማንንም ስሜት ልዳኝ አልመጣሁም። የተጻፈው ግን ግልጽ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ በመካከሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ይደነግጋል፤ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ዝርዝሩን ይዟል። የምጠይቀው መመሪያው ይህንን ሳያድበሰብስ እንዲናገር ነው። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቦርሳው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሕጉ የሚለው መሆን አለመሆኑን ማወቅ ያለበት ቤቱ ሳለ ነው እንጂ ኬላ ላይ ቦርሳው ሲፈተሽ መሆን የለበትም። ፈታሹም ቢሆን መመሪያው እጁ ላይ ቢኖር ስለ ተራራ ተጓዥና ስለ ባንዲራው የሚጠይቀው ይቀንሳል። ይህችን አንቀጽ ብቻ ብትጽፉ እንኳ ስንት ወላጅ እንቅልፍ ያገኛል።

ስለ ጣና ገዳማትም ልናገር፤ ለባሕር ዳር ልጅ የመጀመሪያው ዳገት ብዙ ጊዜ የገዳም ዳገት ነውና። ከጀልባ ወርዶ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚወጣው፣ በዘጌ ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው መንገድ ለብዙዎች የእግር ጉዞ መለማመጃ ነው። እነዚህ ቦታዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ከቢሮአችሁ መመሪያም በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። ባንዲራ ይዞ ቅጽር ውስጥ ከመግባት በፊት አባቶችን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ «አባቴ፣ ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። በዘጌ ማረስም ከብት ማርባትም በቆየ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው። እዚያ ሄዶ ለባንዲራ ማንጠልጠያ ተብሎ ከቡና ተክል ቅርንጫፍ የሚዘነጥል ሰው ምን ሊያከብር እንደመጣ አይገባኝም።

ደግሞ ይህ ነገር አይጥመኝም፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ቡድኑ ሲሄድ ሴቶቹ ጀልባው ጋ ይቀራሉ፣ ወንዶቹ ወጥተው ባንዲራ ዘርግተው ፎቶ ይነሣሉ፣ ሥሩ «ቡድናችን» ተብሎ ይጻፋል። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ በዚያ ላይ ቃል የለኝም። ባንዲራው ግን የሁሉም ነው። ፎቶው ሁሉም ባሉበት፣ ወደቡ ላይ፣ ሐይቁን ከኋላ አድርጎ ቢነሣ ማን ይከለክላል? እዚያው ወደብ ላይ ሳለን፣ በሞተር ጀልባዎቹ ኋላ ተሰክተው ፀሐይ የጨረሳቸውን፣ ቀለማቸው የማይለይ ባንዲራዎች ባለጀልባዎቹ በአዲስ እንዲቀይሯቸው ብትነግሯቸው መልካም ነው። የጀልባ ማኅበራቱ አብረዋችሁ የሚሠሩ ስለሆኑ ይህ ለእናንተ የአንድ ስብሰባ ጉዳይ ነው።

ለትምህርት ቤቶች ቤዛዊት ይበቃል። ሩቅ አይደለም፣ ዓባይ ከሥሩ ይታያል፣ አንዳንዴ ጉማሬም ብቅ ይላል። ከላይ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በጥበቃ ሥር ስለሆነ መምህራን አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። በሰንደቅ ዓላማ ቀን ዋዜማ አንድ ክፍል ተማሪ ወደዚያ ቢወጣ፣ ሁለቱ ተመድበው ቢዘረጉት፣ መዝሙሩ ተዘምሮ መሬት ሳይነካ ታጥፎ ቢወርድ፣ እነዚያ ልጆች አድገው ራስ ደጀን ላይ ሲደርሱ መካሪ አያስፈልጋቸውም። ከ4,500 ሜትር በላይ ላይ የሚያደርጉትን ሕፃን ሳሉ ኮረብታ ላይ ተምረውታል።

ወደ ሥራው ልምጣ። መመሪያው ለብቻው ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ለአስጎብኚዎች በምትሰጡት ሥልጠና ላይ ግማሽ ሰዓት ይሰጠው። የጉዞ ማኅበራት ሲመዘገቡ አንድ ቅጂ ይሰጣቸው። በየጉዞው አንድ ሰው «ባንዲራ ያዥ» ተብሎ ከመነሻው ይሰየም፤ የሚይዘውም፣ የሚያጥፈውም፣ ሲወረድ ቦርሳው ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጠውም እርሱ ወይም እርስዋ ትሁን። በሰልፉ ላይ ገመድ ጎታቹ ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ተራራ ላይም ይታወቅ። በየተራራው ላይ ተትተው የቀሩትን ያረጁ ባንዲራዎች ደግሞ የሚወጣ ሁሉ ቆርጦ፣ ገመዱን ጨምሮ፣ አጥፎ ያውርዳቸው። ወርደው የት እንደሚሰጡ ግን እናንተ ናችሁ የምትነግሩን፤ ልጆቹ ከቆሻሻ ጋር መጣል ይከብዳቸዋል፣ ቤት ማስቀመጥም ያስፈራቸዋል። በቢሯችሁ በር ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ሣጥን ብታኖሩ ችግሩ አለቀ።

ቅጣት እንዳትጨምሩበት ደግሞ አደራ እላለሁ። ሕጉ የራሱ ቅጣት አለው፤ ያ ለሕግ ሰዎች ይተው። ተራራ የሚወጣ ልጅ መመሪያውን ከፈራው ባንዲራውን ቤቱ ትቶ ይሄዳል እንጂ በአግባቡ አይዝም፤ ያ ደግሞ የማንኛችንም ፍላጎት አይደለም።

ረቂቅ ይሆናችሁ ዘንድ ከላይ ያልኩትን አሳጥሬ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለመዝገብ ቤት አስገባለሁ። ቋንቋውን አርሙት፣ የሕግ ባለሙያ ይየው፣ የሚጨመረውን ጨምሩ፣ የሚቀነሰውን ቀንሱ። የዱላውንና የችካሉን ነገር ብቻ እንዳታወጡብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርና ተራራ ወጪ
ባሕር ዳር